ለጥምቀት ይመጣል

ሊሞት ለተቃረበ ሰው የሚዋሸውን ያህል ውሸት የትም ሰምቼ አላውቅም፤ ገበያ ውስጥ እንኳ። ሰውዬው በአጥንቱ ቀርቶ ተኝቷል፤ ጠያቂው ብርቱካኑን በፌስታል አንጠልጥሎ ይገባና «ኧረ ዛሬማ ፊትህ መለስ ብሏል!» ይለዋል። ከዚያ ደጅ ወጥቶ በነጠላው ጫፍ ዓይኑን ይጠርጋል። እኔ ነርስ ነኝ። የተወለድኩት አቀስታ ነው፤ ሥራ ይዤ የኖርኩት መካነ ሰላም። በዚህ ውሸት ስናደድ ብዙ ዓመት ኖሬያለሁ። የምናደደው ከሌላው ስለምሻል ይመስለኝ ነበር።

እትዬ አከራዬ ነበሩ። ስማቸውን አልጽፍም፤ እትዬ እላቸው ስለነበር እዚህም እትዬ ይሁኑ። ከግቢያቸው ጀርባ ያለችውን አንድ ክፍል ይዤ ስድስት ዓመት ኖሬያለሁ። ባላቸው ከሞቱ ቆይተዋል፤ እሳቸው ራሳቸው ቅቤ ነጋዴ ነበሩ። ከገጠር የመጣውን ቅቤ በጣታቸው ጫፍ ነክተው፣ ወደ አፍንጫቸው አስጠግተው፣ ምን እንደገባበት እዚያው ባለቤቱ ፊት ይናገራሉ። አንዲት ሴት ሙዝ የደባለቀችበትን ይዛ ብትመጣ «ይሄንንስ ለልጆችሽ በዳቦ ስጫቸው» ብለው መለሷት። ሴትዮዋ ከዚያ በኋላ በእኛ ደጅ አላለፈችም፤ ዞራ ትሄድ ነበር። ሁለት ልጆች አሏቸው፤ ሴቷ ወረኢሉ ተድራለች፣ ወንዱ ሳዑዲ ነው።

ደም ሲፈሳቸው ለወራት ደብቀውኝ ነበር። እኔን፣ በየቀኑ ሴት የምመረምረውን ነርስ! አንድ ቀን የታጠበ ጨርቅ ከጓሮ ተሰጥቶ አየሁና አፋጥጬ ያዝኳቸው። ከዚያ ደሴ፣ ከደሴ አዲስ አበባ፣ ከአዲስ አበባ ደግሞ ወደ ቤት። ሲመለሱ ልጃቸው ከወረኢሉ መጥታ ተቀብላቸዋለች። እትዬ የሐኪሞቹ ወረቀት ያለበትን ፖስታ ከጉያቸው አውጥተው ፊቴ ዘረጉት።

«አንብቢልኝ» አሉ። «እንዳትዋሺኝ ደግሞ። እኔን ቅቤ እንኳ አይዋሸኝም።»

ልጃቸው ከኋላቸው ቆማ በዓይኗ ትለምነኛለች፤ ከንፈሯን ነክሳ ራሷን ትነቀንቃለች። እኔ ግን አነበብኩ። የማህፀን በር ካንሰር መሆኑን፣ መሰራጨቱን፣ ሐኪሞቹ ከእንግዲህ ሕመሙን እናስታግሳለን እንጂ አናድንም ማለታቸውን ነገርኳቸው። ለሚቀጥለው ክረምት የሚደርሱ እንደማይመስለኝም ሲጠይቁኝ ተናገርኩ። የነጠላቸውን ዘርፍ በጣታቸው ሲፈትሉ ቆዩ።

«በይ እሺ» አሉ በመጨረሻ። «እዚህ ቤት የሚገባው ሰው ሁሉ ከዛሬ ጀምሮ ሊዋሸኝ ነው። አንቺ ግን እስክሞት አትዋሺኝም። ማይልኝ።»

ማልኩላቸው። ልጃቸው ሦስት ቀን አላነጋገረችኝም። እኔ ግን ኮራሁ፤ እውነት ለመናገር በጣም ነበር የኮራሁት። በሥራ ቦታዬ ሁሉም ለቤተሰብ ሹክ ብሎ ከበሽተኛው የሚደብቀውን፣ እኔ ፊት ለፊት ተናግሬ፣ በሽተኛዋም ሳይወድቁብኝ ቀሩ።

ማስታመሙን ከልጃቸው ጋር ተካፈልነው። ጠዋት ሥራ ከመግባቴ በፊት፣ ምሳ ሰዓት፣ ከሥራ ስወጣ። ይህ በሽታ ይሸታል፤ ጠያቂ አፍንጫውን ላለመያዝ ሲታገል እትዬ ያዩ ነበር። ሜትሮኒዳዞል እንክብል በሙቀጫ ፈጭቼ ጨርቁ ላይ ስነሰንስበት ሽታው ቀነሰ። «እሰይ፣ አሁን ሰው ሰው ሸተትኩ» አሉ። ጀርባቸው እንዳይቆስል እናገላብጣቸዋለን፣ አፋቸውን በጨው ውሃ እናጥባለን፣ አጥሚቱን በሻይ ማንኪያ እንሰጣለን። ስነካቸው ሁልጊዜ ይጮሁብኛል፤ «ኧረ ወላሂ ያቀስታ ብርድ እጅሽ ላይ ቀርቷል! ምነው አንቺ ልጅ፣ ከመሞቴ በፊት ሬሳ አስነካሽኝ!» እያሉ። ክርስቲያን ናቸው፤ ወላሂ ግን ከአፋቸው አይጠፋም፤ የወሎ ሰው ናቸው።

ከሕመሙ ይልቅ የሚያንገበግባቸው ወንዱ ልጃቸው ነበር። ከሦስት ዓመት በፊት ተሟግተው ተሟግተው አትሄድም ሲሉት አንድ ማለዳ ሳይሰናበታቸው በጅቡቲ በኩል ወጣ። ሳዑዲ ደርሶ መደወል ሲጀምር ቀስ በቀስ ለዘብ አሉለት፤ እሑድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ይደውላል፣ ስፒከር አድርገው ግቢው ሁሉ እየሰማ ያወሩታል፣ ይሳደባሉ፣ ይስቃሉ። አንድ ነገር ግን አልሰጡትም። በስልኩ መጨረሻ ሁሌ «እማ፣ አፉ በይኝ» ይላቸዋል። አፉ ማለት በእኛ አገር ክርስቲያኑም እስላሙም የሚላት ቃል ናት፤ ይቅር ብያለሁ ማለት ናት፣ ሞት ሲመጣ ደግሞ ሳይባባሉ አይለያዩም። እትዬ መልሳቸው አንድ ነበር፦ «መጥተህ ጉልበቴን ስትስም ነው አፉ የምልህ። በስልክ አፉ የለም።» ጥጡን ራሳቸው የፈተሉት ጋቢም ሳጥን ውስጥ አስቀምጠውለታል። የሚያለብሱት ያን ቀን ነው።

ኅዳር ውስጥ ስልኩ ቆመ። አንድ እሑድ አለፈ፣ ሌላ እሑድ አለፈ። ከዚያ የእትዬ ታላቅ ወንድም ከገጠር በጭነት መኪና መጡ፤ እህታቸውን ጠይቀው፣ ግንባሯን ስመው፣ እኔንና የእትዬን ሴት ልጅ ወደ ጓሮዋ ክፍሌ ጠሩን። በሩን ዘጉ። ልጁ ከሚሠራበት ፎቅ ላይ ወድቆ ሞቷል። እዚያው ቀብረውታል። አብረውት የነበሩ ያገር ልጆች ለእሳቸው ደውለው ነው የነገሯቸው።

ልጅቷ የገዛ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጎስጉሳ አለቀሰች፤ ድምጿ ወደ ፊተኛው ቤት እንዳይሻገር።

«ይህች ሴትዮ አትሰማም» አሉ ወንድማቸው። «ሽማግሌዎችም ተነጋግረናል። ለታመመ ሰው መርዶ አይነገርም። በቁሟ አንገድላትም።»

«ጋሼ፣ እትዬ እንደሚሞቱ እኮ ያውቃሉ» አልኩ። «እኔው ነግሬያቸዋለሁ። ከምን ሊያድኗቸው ነው? ልጄ ጠፋብኝ እያሉ ከሚሞቱ ልጄ ሞተ ብለው አልቅሰው ቢሞቱ አይሻልም?»

«ሲስተር» አሉኝ፣ ቁጣ በሌለው ድምፅ፤ «መርፌው ያንቺ ነው። መርዶው የኛ ነው።»

ልክ ነበሩ፤ በወጉ ልክ ነበሩ። መርዶ ማርዳት የዘመድና የሽማግሌ እንጂ የተከራይ አይደለም። በዚያ ላይ ልጃቸው እጄን ይዛ «በማርያም» አለችኝ። የሚባለውን እዚያው ተስማማን፦ ሥራው በረሃ ውስጥ ነው፣ ኔትወርክ የለም። እኔ ምንም አልልም አልኩ። ዝም ማለት መዋሸት አይደለም ብዬ ለራሴ ነገርኩት፤ እንዲህ ያለ ነገር ለራስ ሲነግሩት ቶሎ ይታመናል።

እትዬ በረሃውን አላመኑም። ልጃቸው ስትነግራቸው፣ ወንድማቸው ሲደግሙላቸው፣ ጎረቤት ሲያዳምቀው ጸጥ ብለው ሰሙና ልክ እንደዚያ ቅቤ መለሱት። «ሦስት ዓመት ከተማ ውስጥ የነበረ ልጅ እኔ ስታመም በረሃ ወረደ?» አሉ። የራሳቸውን ምክንያት አገኙለት። «ይሄን በሽታ ሰምቶ ሸሸኝ። ሞቼ እስክገላገል እየጠበቀ ነው።» እሑድ እሑድ ስልካቸውን ትራሳቸው ላይ ያኖራሉ፤ ቀኑ ሲመሽ ደግሞ ወስደሽ ጣይው ይላሉ። እኔን ግን አንድም ቀን አልጠየቁኝም። ሁሉን ይጠይቃሉ፣ እኔን ያልፉኛል። ከእኔ የሚመጣውን ስለሚያምኑት ፈርተውት ይሆን? አሁን ሳስበው እንዲያ ይመስለኛል።

በታኅሣሥ መጨረሻ አንድ ምሳ ሰዓት ጨርቃቸውን እየቀየርኩ ነበር። ልጃቸው ውሃ ልትቀዳ ወጥታለች። ሕመሙ ጸንቶባቸው የአልጋውን ብረት ይዘዋል። በድንገት እጃቸውን ከብረቱ አንስተው የጋውኔን እጅጌ ያዙ።

«አንቺ ልጅ» አሉኝ። «እስኪ አንቺ ንገሪኝ። ልጄ የት ነው?»

ይኸው። ያቺ ደቂቃ የእኔ ነበረች። ክፍሉ ውስጥ ማንም የለም፤ ወንድማቸው ገጠር ናቸው፣ ሽማግሌ የለም፣ እትዬና እኔ ብቻ። ፊታቸውን አየሁት። ዓይናቸው ከጉድጓዱ ወጥቶ አፌን ይጠብቃል። እንባቸው ሊመጣ ነው፣ እኔ ደግሞ የእሳቸውን እንባ አይቼ አላውቅም።

«ደውሎ ነበር» አልኩ።

«ለማን?»

«ለእኔ። የእርስዎ ስልክ አልገባ ቢለው። እያመቻቸ ነው፤ ለጥምቀት ይመጣል።»

ከየት አመጣሁት? ደውሎ ነበር ብዬ ባበቃስ? ቀን ቆረጥኩለት! በድን ለሆነ ሰው ቀን ቆረጥኩለት። እትዬ ግን የእጅጌዬን ጨርቅ ለቀቁና ወደ ትራሳቸው ተመለሱ፤ ፊታቸው ሲፈታ በዓይኔ አየሁ። «አልሃምዱሊላህ» አሉ። «አንቺ ካልሽ ይመጣል።» እኔም ደስ አለኝ። ይህን የምጽፈው ማንም እንዲያዝንልኝ አይደለም፤ በእውነት ደስ አለኝ። ምሳዬን በልቼ ወደ ሥራዬ ስመለስ አንድ መልካም ነገር የሠራሁ መስሎኝ ነበር። ለልጃቸው ማታውን ስነግራት ዓይኗ ፈጠጠ፤ ከዚያ «ይሁን፣ እስከዚያ ትደሰት» አለች። እስከዚያ ማለቷ ከጥምቀት በፊት ይሞታሉ ማለቷ ነው። እኔም በሐኪም ዓይኔ እንደዚያ ገምቼ ነበር።

አልሞቱም። ለመኖር ወሰኑ። አጥሚቱን አምጡ ማለት ጀመሩ። መካነ ሰላም ላይ በዚያ ወር ብርዱ አጥንት ይሰብራል፤ እሳቸው ግን ገላዬን እጠቡኝ፣ ፀጉሬን ሹሩባ ሥሩኝ አሉ። ልጃቸው ያለችውን ፀጉር በዕንባ ሠራቻት። ለሕመማቸው የምሰጣቸውን የሞርፊን ሽሮፕ ተዪው አሉኝ። «ያፈዘኛል። ተኝቼ እንዳያገኘኝ።» ለመንኳቸው፣ ተቆጣኋቸው፣ በትንሹም ቢሆን ይውሰዱ አልኩ፤ ጥርሳቸውን ገጠሙ። ሁለት ሳምንት ያህል ያንን ሕመም በባዶ ሜዳ ተሸከሙት። ሲያስጨንቃቸው የጋቢውን ጫፍ ይነክሳሉ፤ ከሳጥኑ አስወጥተው ትራሳቸው ሥር አድርገውታልና። ሰው ከሕመም ላድን የተማርኩ እኔ፣ በአንዲት ቃል መድኃኒታቸውን ነጠቅኳቸው። በየምሳው ያን አያለሁ። በየምሳው ዝም እላለሁ።

በከተራ ታቦቱ ወደ ጥምቀተ ባሕሩ ሲወርድ አልጋቸውን ወደ በሩ አዞርነው። ነጭ ለብሰው በትራስ ተደግፈው ተቀመጡ። በማግስቱ ታቦቱ ሲመለስ ከበሮው እቤት ድረስ ይሰማል፤ ሆታው ግቢውን አልፎ ሄደ። በሩ ላይ ጥላ ባለፈ ቁጥር ቀና ይላሉ። የጎረቤት ሴት ገባች፣ የዕድር ሰው ገባ፣ አንድ በግ የጠፋበት ሰውዬ ተሳስቶ ገባ። ቃና ዘገሊላም አለፈ። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ስገባ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረዋል።

«ሽሮፑን ስጪኝ» አሉ። «ደህና አድርገሽ ስጪኝ።»

«እትዬ፣ ምናልባት መንገድ...»

«አንቺን አይደለም። አንቺ የነገረሽን ነው የነገርሽኝ። የዋሸው እሱ ነው።»

ያን ቀን ለበዓሉ ከገጠር የመጡትን ወንድማቸውን ይዤ ጓሮ ወሰድኳቸውና እንንገራቸው አልኩ። እንደ መጀመሪያው አልጠነከርኩም፤ ድምፄ ውስጥ ልብ አልነበረም፤ እሳቸውም ሰምተውታል መሰለኝ። «አሁን?» አሉኝ። «ደውሎ ነበር ያልሻትንስ ምን ልትያት ነው?» ቀድሞ ያሰረኝ የሽማግሌ ወግ ነበር። አሁን ያሰረኝ የራሴ ስም ነው። ብነግራቸው ልጃቸው እንዳልከዳቸው ያውቃሉ፤ ውሸታም መሆኔንም ያውቃሉ። ሁለቱን በሚዛን አስቀመጥኩና ስሜን መረጥኩ። ያኔ እንዲህ በግልጽ አላሰብኩትም፤ ያደረግኩት ግን ይኸው ነው።

የንስሐ አባታቸው የመጡት በዚያው ሳምንት ነው። ለልጁ ጸሎት ያደረሱት እሳቸው ስለነበሩ ሁሉንም ያውቃሉ። እትዬ እቤት ያለውን ሰው ሁሉ ሰብስቡልኝ አሉ፤ ጎረቤቱም መጣ። በደከመ ድምፅ «አፉ በሉኝ» አሉ፤ ሁላችንም «አፉ ብለናል» አልን። «እኔም አፉ ብያለሁ» አሉ። «ያቺን ቅቤ ብላ ሙዝ ልትሸጥልኝ የመጣችውንም አፉ ብያታለሁ፣ ንገሯት።» በእንባ መካከል የሳቀ ሰው ነበር።

«ልጅሽንስ?» አሉ ቄሱ።

እትዬ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«እሱን አልልም።»

«ተይ፣ በእግዚአብሔር ፊት ነሽ።»

«በእግዚአብሔር ፊት ነኝ። እናቱ እንደምትሞት እያወቀ ቀን ቆርጦ ያስጠበቀኝን አልልም። የወለድኩት አንዲት ሴት ልጅ ነው።»

ቄሱ ወንድማቸውን አዩ። ወንድማቸው መሬቱን አዩ። ልጃቸው ወጥታ ሄደች። እኔ እግራቸው ሥር ቆሜ ነበር፤ ቀን የቆረጥኩት እኔ ነኝ ለማለት አራት አምስት ቃል ይበቃል። ቄሱ መስቀላቸውን አሳለሟቸው፣ ጸለዩ፣ ሄዱ። ከአንድ ክፍል ሙሉ ሰው ውስጥ እውነቱን የማያውቁት እትዬ ብቻ ነበሩ።

ከዚያ በኋላ አምስት ቀን ቆዩ። በመጨረሻው ቀን እኩለ ቀን ላይ ከንፈራቸውን በእርጥብ ጥጥ ሳረጥብ እጄን ያዙ። «ዛሬ እጅሽ ሞቋል» አሉኝ። እጄ አልሞቀም፤ የእሳቸው ነበር የቀዘቀዘው። ከዚያ ትንፋሻቸው እየራቀ ሄደ፤ ዓይናቸውን የከደንኩት እኔ ነኝ።

ከቀብር ስንመለስ ወንድማቸው ድንኳኑ መሀል ቆመው የልጁን ሞት አረዱ። ልቅሶው እንደገና ተነሣ፤ ፎቶውን አወጡ፣ እናትና ልጅ አንድ ላይ ተለቀሰላቸው። ከዚያ የሰው ምላስ ወደ ሰላሙ ተመለሰ። ንፍሮ እየበሉ አንዱ ለአንዱ ሲሉ የሰማሁትን እስካሁን ጆሮዬ አልጣለውም። «ታድላ» ይላሉ። «የልጇን መርዶ ሳትሰማ ሄደች።» ወንድማቸውን «ጥሩ አደረጋችሁ፣ ጠበቃችኋት» ይሏቸዋል። ለእኔም የሚደርስ ምስጋና ነበረ፤ «እስከ መጨረሻው ያስታመመች ልጅ» ብለው እርስ በርስ ያሳዩኛል። መጮህ ፈልጌ ነበር። ልጇን ጠልታ ነው የሄደችው፣ የጠላችውም በእኛ ነው ብዬ። ንፍሮዬን ዘገንኩ።

አርባቸው ወጥቶ ልጃቸው ወደ ወረኢሉ የምትመለስ ቀን፣ ሚኒባስ እስኪሞላ እየጠበቀች ወደ ክፍሌ መጣች። በፌስታል የያዘችውን አልጋዬ ላይ አኖረችው። ጋቢው ነው። አንዱ ጫፉ ላይ የጥርሳቸው ምልክት አለ።

«ይህ የእሱ ነው» አልኳት።

«ለእሱ እንዳትሰጡት ብላለች። ለሲስተር ስጡልኝ፣ እዚህ ቤት ያልዋሸችኝ እሷ ብቻ ናት አለችኝ።» ይህን ስትል አላየችኝም፤ ለጥምቀት ይመጣል ያለው ማን እንደሆነ ታውቃለች። ታውቃለች፣ የእናቷን ቃል ደግሞ ማድረስ አለባት።

የሟች ኑዛዜ አይመለስም። ተነሥቼ በሁለት እጄ ተቀበልኩ። እግዜር ይስጥልኝ አልኩ።